የስኮትላንዳውያን የክብር ኮት በቤት ስፌት

ስኮትላንድ ሲባል በአብዛኞቻችን ዓይን የሚመጣው ባለ ሽንሽን ጉርድ የለበሰ ወንድና በክንዱ ሥር አቅፎ የሚነፋው ባለ ከረጢት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ጉርዱ ኪልት ይባላል። ስለ ኪልት ብዙ ተብሏል፤ ከወገብ በላይ ስላለው ኮት ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የስፌት ሙያ ያላት ሴት ብታየው ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው በኮቱ ላይ ነው። ጉርዱን መሸንሸን ትዕግሥትና ቆጠራ ይጠይቃል፤ ኮቱን በሰው ትከሻ ላይ በወጉ ማስቀመጥ ግን እጅን የሚፈትን ሥራ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ኮትና ብዙ የስፌት ሙያተኞች በቤታቸው ከአሮጌ ኮት እንዴት እንደሚያወጡት ነው።

በቅድሚያ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች እንለያቸው። አንደኛው ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለው የምሽት ግብዣና የሰርግ ኮት ነው። ጥቁር ነው፤ ከፊት ወገቡ ላይ ተቆርጦ ከኋላ አጭር ጭራ አለው። ደረቱ ላይ የሚታጠፈው ክፍል ሐር ወይም ሳቲን ለብሷል፤ በትከሻው ላይ የተገመደ ጥብጣብ ተቀምጦበታል፤ ቁልፎቹም ብርማ ናቸው። ከፊት የተደረደሩት ቁልፎች ለጌጥ ብቻ ስለሆኑ ኮቱ አይቆለፍም። ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ከሥሩ ባለ ሦስት ቁልፍ ሰደርያና ጥቁር የቢራቢሮ ክራቫት ይታያል። ሁለተኛው አርጋይል ይባላል። ይህኛው ለተራው የወንድ ኮት የቀረበ ነው። አጠር ብሎ የፊቱ ታችኛ ጫፍ ክብ ሆኖ ተቆርጧል፤ በእጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ሾል ያለ ሰፊ መደረቢያ ተሰፍቶ ሦስት ቁልፍ ይደረደርበታል። በጥቁር ሱፍ ከብርማ ቁልፍ ጋር ሲሰፋ ለግብዣ ይሆናል፤ በትዊድ ከአጋዘን ቀንድ በተሠራ ቁልፍ ሲሰፋ ደግሞ ለቀን ይለበሳል።

ስሙ እንዳያሳስታችሁ። ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1720 ሮም ተወልዶ በ1788 እዚያው ሮም የሞተ ሰው ነው። በስሙ የሚጠራውን ኮት ግን አንድ ቀን እንኳ አልለበሰውም፤ ኮቱ የተለመደው በ20ኛው መቶ ዓመት ነውና። በታዋቂ ሰው ስም ልብስ መሸጥ የነጋዴ የቆየ ብልሃት ነው።

ኮቱ ለምን አጠረ? ኪልት እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አይታሰርም፤ ከፍ ብሎ በእምብርት አካባቢ ወገብ ላይ ይታሰራል። ኪስ ስለሌለውም ስፖረን የሚባል የቆዳ ቦርሳ ከፊት በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ተራውን ረጅም ኮት ብትደርቡበት ቦርሳው ይሸፈናል፤ ከኋላም ሽንሽኑ ታፍኖ ሰውየው እግሩ ያጠረ ይመስላል። ስለዚህ ኮቱ ያጠረው ለቦርሳውና ለሽንሽኑ ቦታ ለመልቀቅ ነው። ይህን ምክንያት ያዙልኝ፤ መቀስ ስታነሡ ይጠቅማችኋል።

ይህ ልብስ አንድ ዘመን የወኅኒ ቤት ምክንያት ነበር። የልዑሉ ጦር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1746 ካሎደን ላይ ድል ከሆነ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ በዚያው ዓመት የደጋውን ሰው አለባበስ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በሠራዊቱ ውስጥ ከሚያገለግሉት በቀር በስኮትላንድ የሚኖር ማንኛውም ወንድ፣ ሕፃንም ሆነ አዋቂ፣ ኪልት እንዳይለብስ፣ ታርታን የተባለው ባለ ቀለም መስመር ጨርቅም ለኮትና ለካፖርት እንዳይሆን ተደነገገ። የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት ስድስት ወር እስራት ነው፤ ሁለተኛው ባሕር ማዶ ተወስዶ ሰባት ዓመት መቆየት። ሕጉ ስለ ሴቶች አለባበስ አላነሣም። በአገራችን ታሪክ ስሙ የሚነሣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ በአገሩ ይህ ሕግ ገና አልተሻረም ነበር። የተሻረው በ1782 ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንበርግን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው አቀባበል ንጉሡ ራሱ ኪልት ለብሶ ታየ። ከዚያ ወዲህ የተከለከለው ልብስ የክብር ልብስ ሆነ።

ዛሬ በስኮትላንድ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሙሉውን ልብስ ለአንድ ቀን ተከራይተው መልበሳቸው የተለመደ ነው። የኪራይ ኮት ግን በሌላ ሰው ትከሻ ልክ የተሰፋ ነው፤ አዲስ ማሰፋትም ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ብልኅ እጅ ያላቸው ሰዎች ከልባሽ ልብስ መሸጫ ጥሩ ሱፍ ኮት በርካሽ ገዝተው አርጋይል አድርገው ያሳጥሩታል።

«እኛን ምን አገባን?» የምትል እናት አትጠፋም። እስቲ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ጠርዙ የሳሳ፣ የእጅጌው ጫፍ የተበላ፣ ትከሻውና ደረቱ ግን ምንም ያልሆነ የወንድ ኮት አይጠፋም። ኮት ማሳጠር በየትም አገር አንድ ሥራ ነው፤ የስኮትላንዱ ከሌላው ከበድ ስለሚል እርሱን የቻለች ሌላው አያቅታትም።

ወደ ሥራው እንግባ። ኮት ስትመርጡ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ማለት ነው። ኮሌታው ከኋላ አንገት ላይ ተጣብቆ ካልተቀመጠ ተዉት። ቀጥሎ ቁልፎቹን ቁጠሩ። ባለ ሦስት ቁልፍ ኮት አትግዙ፤ የታችኛው የቁልፍ ቤት የፊቱ ጠርዝ ከሚቆረጥበት ላይ ያርፋል፤ አንድ ጊዜ የተበሳ የቁልፍ ቤት ደግሞ አይጠፋም። ባለ አንድ ቁልፍ ይሻላል፤ ባለ ሁለት ከሆነም የታችኛው ከፍ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። ከላይ የተለጠፈ ኪስ ያለውንም እለፉት፤ ኪሱ ከአዲሱ ጠርዝ ጋር ይጋጫልና።

ልኩ የሚወሰደው በጠረጴዛ ላይ አይደለም። ለባሹ ኪልቱን፣ ሰደርያውንና ስፖረኑን አድርጎ፣ በግብዣው ቀን የሚያደርገውን ጫማ ተጫምቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። ኮቱን ደርባችሁ የአዲሱን ጠርዝ መስመር በስፒል ምልክት አድርጉ። ከፊት ቦርሳው በሙሉ ይታይ፤ ከኋላ የጉርዱ ወገብ ይሸፈን። ከዚያ እጁን ወደ ላይ እንዲያነሣ፣ እንዲቀመጥ፣ ጎንበስ እንዲል አድርጉ። በሰርግ ላይ ይጨፈራል እንጂ እንደ ሐውልት አይቆምም። ካመነታችሁ አንድ ጣት ያህል አስረዝሙት፤ የረዘመ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም።

የመቀስ ፍርሃት ያለባት ሴት በመጀመሪያ በአቡጄዲ ትሞክር። የኮቱን የፊት ክፍል በአቡጄዲ ላይ ገልብጣ፣ ክቡን ጠርዝ ቆርጣ፣ በለባሹ ላይ ሰክታ ትየው። ግማሽ ሜትር አቡጄዲ መጥፋቱ ሱፍ ከማበላሸት ይሻላል።

ቆረጣው ሲጀመር ገበሩን ከሱፉ ጋር አንድ ላይ አትቁረጡ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገበሩን ከታች ጠርዝ ፈትታችሁ ወደ ላይ አጥፉትና በስፒል ያዙት። ሱፉን ከምልክቱ በታች 4 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ፤ በክቡ በኩል ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበቃል። የፊቱን ክብ በወረቀት ቅዱ፤ ያንኑ ወረቀት ገልብጣችሁ ለሌላው ወገን ተጠቀሙበት። በዓይን ግምት የተቆረጡ ሁለት ክቦች መቼም እኩል አይሆኑም፤ የኮቱም ፊት የሚታየው እሱ ነው።

ሱፉ ሲከፈት ውስጡን ታያላችሁ፤ ቅርጹን የሚይዘው ደረቅ ሸራ፣ የኪሶቹ ከረጢት፣ የተደበቀው የእጅ ስፌት። ይህን ሁሉ ያደረገው እጅ የማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም። እናንተም ለጎረቤት ወይም ለዘመድ የምትሰፉ ከሆነ ሥራውን ሳትጀምሩ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ። «የቤት ስፌት» ስለተባለ ብቻ ሦስትና አራት ምሽት በነጻ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

የኪሱ ከረጢት ከአዲሱ ጠርዝ በታች ከወረደ በመኪና አሳጥራችሁ ስፉትና ትርፉን ቁረጡ። ደረቁን ሸራ በስፌቱ መስመር ልክ ቁረጡት፤ ስፌት ውስጥ ከገባ ጠርዙ ይወፍራል። ከዚያ የኮቱን ፊትና የውስጥ ፊቱን መልካም ገጻቸውን አገናኝታችሁ በክቡ ላይ ስፉ። ትርፉን አንዱን ከሌላው አሳጥሩት፤ በክቡ ላይ በመቀስ ጫፍ ሸርተት ሸርተት አድርጉና ገልብጡ። ኮቱ ከኋላ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ካጠረ በኋላ የሚቀረው ስንጥቅ ጥቂት ጣት ብቻ ስለሚሆን ዝጉት። ሆኖም ከመዝጋታችሁ በፊት ሽንሽኑ ላይ ወጥሮ እንዳይዝ ለኩ፤ የኪልት ሽንሽን ወፍራም ስለሆነ ከሱሪ ይልቅ ቦታ ይፈልጋል። የታችኛውን ጠርዝ በእጅ ቀምቅሙ፤ መርፌው ከሱፉ አንድ ሁለት ክር ብቻ ያንሣ። ገበሩን ስትመልሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ላላ ብሎ ይታጠፍ፤ ወጥሮ ከተሰፋ ኮቱን ወደ ላይ ይስበዋል።

ከታች የወጣውን ቁራጭ አትጣሉ። የእጅጌው ጫፍ መደረቢያ የሚወጣው ከእርሱ ነው። በወረቀት ቅርጹን ቅዱና ቁራጩ ላይ አስቀምጣችሁ የጨርቁ አቅጣጫ ከእጅጌው ጋር አንድ መሆኑን ተመልከቱ፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ በመብራት ሥር ቀለሙ የተለያየ ይመስላል። ቁራጩ ካልበቃ መደረቢያውን ተዉት፤ ከሌላ ጥቁር ጨርቅ የተለጠፈ መደረቢያ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ጥቁር ከጥቁር እንደማይገጥም ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃል።

ካውያ የዚህ ሥራ ግማሽ ነው። እያንዳንዱን ስፌት ሳትተኩሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ሱፍ ላይ በቀጥታ ካውያ አይጫንም፤ ያብለጨልጫል። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ካውያውን እያነሣችሁ እየጫናችሁ እንጂ ሳትጎትቱ ተኩሱ። በእንፋሎት የተተኮሰ ሱፍ ሳይቀዘቅዝ ከጠረጴዛው አይነሣ።

ፕሪንስ ቻርሊውን ከአዲስ ጨርቅ ልስፋ ለምትል፣ በእኔ ግምት ሁለት ወይም ሦስት ኮት ሰፍታ ያላየች ባትጀምረው ይመረጣል። ጭራው፣ ሐር የለበሰው ደረት፣ በእጅ በጥቃቅን ስፌት የሚያዘው ሸራ፣ በእንፋሎት እየተሰበሰበ የሚገጠመው የእጅጌ አናት፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጨርቁ ባራቲያ የሚባል ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ሳይቆረጥ በፊት በእንፋሎት ተተኩሶ ይሰብሰብ፤ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ያጥራል።

ለቀን ኮት ከሚመረጡት ጨርቆች አንዱ የሆነው የሃሪስ ትዊድ ነገር ብዙ ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉት የውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ይህን ስም ሊይዝ የሚችለው የደሴቶቹ ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት፣ ሱፉም እዚያው ቀለም ተነክሮና ተፈትሎ የተሠራ ጨርቅ ብቻ ነው። ድሮ የተሸመነውን ጨርቅ ጠበቅና ወፈር እንዲል የሚያደርጉት ሴቶች ነበሩ። በረጅም ሰሌዳ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ እየደበደቡ፣ እያዞሩ፣ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍኑ ነበር። ጨርቁን ለማጥራት የሚጨመርበት ያደረ ሽንት እንደነበር ስትሰሙ ፊታችሁን ታኮማትሩ ይሆናል፤ ግን ሳሙና ብርቅ በነበረበት ዘመን ቅባት የሚያወጣ እሱ ነበር። አሁን ይህን የማጠብና የማጠንከር ሥራ የሚሠራው ፋብሪካ ነው። የእኛ እናቶች እንዝርት ሲያሾሩ የሚያወጉትን ወግ ለሰማ ሰው የደሴቶቹ ሴቶች ዘፈን እንግዳ አይሆንበትም።

በመጨረሻ ቁልፎቹ ናቸው። የድሮዎቹን የፕላስቲክ ቁልፎች ፍቱና አዲሶቹን በሻማ በታሸ ክር ስፉ፤ ብርማዎቹ ከባድ ስለሆኑ ተራ ክር ቶሎ ይበጥሳሉ። የሚቆለፈው አንዱ ቁልፍ ከጨርቁ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰፋ፤ አለዚያ ሲቆለፍ ደረቱን ይሸበሽበዋል። ሁለት መለዋወጫ ቁልፍና የተረፈች የሱፍ ቁራጭ ካለች በወረቀት ጠቅልላችሁ በውስጥ ኪሱ አስቀምጡ፤ ክርኑ ሲበሳ መጣፊያው የሚገኘው ከእርሷ ብቻ ነው።