በኅትመት ሥርዓት የተቀናበሩ የሳይንስ ጽሑፎችን ወደ ወርድ ስለ መለወጥ

የሒሳብና የፊዚክስ ማስተማሪያ ጽሑፎችን ለማሻሻል የሚነሣ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጽሑፍ እንደ ልብ የማይታረም ሆኖ ያገኘዋል። ይኸውም ጽሑፉ በላቴክ የተቀናበረ ወይም በፒዲኤፍ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። ስለዚህ አብዛኛው መምህር ወደሚሠራበት ወደ ማይክሮሶፍት ወርድ መለወጡ ግድ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይዘቱ ሳይዛባ ለውጡ የሚከናወንበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ የሁለቱን ልዩነት መገንዘብ ያሻል። ላቴክ፣ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቴክ በተባለው የኅትመት ማቀናበሪያ ላይ ተመሥርቶ ሌዝሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ያዘጋጀው ነው። የላቴክ ምንጭ ፋይል አርእስቱ አርእስት፣ ቀመሩም ቀመር መሆኑን በትእዛዝ ቃላት ይገልጻል። ፒዲኤፍ ግን ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የሚያርፍበትን ስፍራ እንጂ ተግባሩን አይመዘግብም።

ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ ምንጩን ፋይል መፈለግ ይገባል። ምንጩ ከተገኘ፣ ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ፓንዶክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አርእስቶቹን ጠብቆ፣ ቀመሮቹንም በወርድ ውስጥ ሊታረሙ በሚችሉ ቀመሮች ይተካል። በትእዛዝ የተሣሉ ሥዕሎች ግን በዚህ መንገድ ስለማይተላለፉ፣ በምስል መልክ ለብቻቸው ማስገባት ያስፈልጋል። ምንጩ ከጠፋ፣ ወርድ ከ2013 እትሙ ጀምሮ ፒዲኤፍን ከፍቶ ለማረም ያስችላል፤ ሆኖም ቀመሮችና ሠንጠረዦች በቀላሉ ይዛባሉ።

አደጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 10³ ተብሎ የተጻፈው ከፍ ብላ የተቀመጠችው 3 ወደ መስመሩ ስትወርድ 103 ይሆናል፤ አንድ ሺሕ የነበረው መቶ ሦስት ሆነ ማለት ነው። 103 ትክክለኛ ቁጥር በመሆኑ የፊደል ማረሚያው አይጠቁመውም፤ ተማሪውም ስሕተቱን እንደ እውነት አጥንቶ ለፈተና ይቀርባል።

በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎች ተጨማሪ ችግር አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ጽሑፉ ሲለወጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፉ በተጻፈበት ፎንት የፊደል ሠንጠረዥ መሠረት አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መዛወር አለበት።

በመጨረሻም የተለወጠው ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ዋናውን እያነበበ ሌላው አዲሱን እየተከታተለ፣ ቀመር በቀመር ሊያመሳክሩት ይገባል። ከሁለቱም ቢያንስ አንዱ የትምህርቱ መምህር ሊሆን ይገባል፤ መሣሪያው ምልክቱን ያሻግራል እንጂ ስሌቱ ልክ መሆኑን አያውቅምና።