ጀልባ ከመሥራት በፊት ሒሳብ

በጣና ሐይቅ ዳር የሚያሰግር ማኅበር ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር «የራሳችንን የጣውላ ጀልባ እንሥራ» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። የልማት ሠራተኛው ጣውላ ከመገዛቱ በፊት ከአባላቱ ጋር ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባል።

1ኛ/ የታንኳው ጉድለት ምንድን ነው? የደንገል ታንኳ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሠሪውም ከመንደር አይጠፋም። ሆኖም ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የጣውላ ጀልባ ብዙ መረብና ዓሣ ይጭናል። ነገር ግን በሚገባ የደረቀ እንጨት፣ ቀለም፣ የስንጥቅ መድፈኛና የሠለጠነ አናጢ ይፈልጋል፤ በየዓመቱም የጥገና ገንዘብ ይጠይቃል።

2ኛ/ የሚጨመረው ዓሣ ወዴት ይሄዳል? ገዢም ማድረቂያም ከሌለ ትልቅ ጀልባ የሚያመጣው የሚበላሽ ዓሣ ነው።

3ኛ/ ሐይቁስ ይችላል? ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባለሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ከዚያ ወዲህ፣ በክረምት ለመራባት በወንዞች መግቢያ የሚሰበሰበው የባርበስ ዓሣ እዚያው እየተጠመደ ክፉኛ ተመናምኗል። ጀልባ ዓሣን አይወልድም። ስለዚህ በአዲሱም ጀልባ ቢሆን በመራቢያው ወራት በወንዝ አፍ መረብ መጣል አይገባም።

ውሳኔው በግምት እንዳይሆን ማኅበሩ ለአንድ ወር መዝገብ ይያዝ። በታንኳ እጦት ሥራ የተፈታባቸው ቀናት ከበዙ ጀልባው ይሠራ። ሳይሸጥ የቀረው ዓሣ ከበዛ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለማድረቂያ አልጋ ይዋል።