ለከርሞ ያለ አላፈረም

የኮሎምበስ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይላል፤ የቡና ገበያ ደጋፊ የነበረ ስሜቱን ያውቃታል። እንዲያ ማለቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1997-98 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን 8 ጊዜ አሸንፎ 22 ጊዜ ተሸነፈ። ሆኖም የከተማው ልጅ ማይክል ሬድ በአንደኛ ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር። አሰልጣኝ ጂም ኦብራየንን ተከትሎ ከቦስተን ኮሌጅ የመጣው ስኩኒ ፔን ደግሞ፣ የዝውውር ደንብ አግዶት ዓመቱን ሙሉ ተራውን ሲጠብቅ ከረመ። ታዲያ በተከታዩ ዓመት ቡድኑ 27 ጊዜ አሸንፎ ከአገሪቱ የመጨረሻ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ፤ የገታው ኮኔቲከት ነው፣ 64 ለ58።

ኋላ በደንብ ጥሰት ሳቢያ ውጤቱ ከመዝገብ ተፋቀ። ከደጋፊው ልብ ግን ማን ይፍቀው?