ዓባይን ያው ዓባይ ያደረገው ምንድን ነው?

ሲሰሙት ቀላል፣ ሲያስቡት ግን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰከላ ላይ ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ዓባይ ነው። ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ የሞላውም ዓባይ ነው። በምን ሒሳብ ነው አንድ ወንዝ የሆኑት?

በውኃው ነው እንዳንል አያስኬድም። ከግሽ የተነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ጣና ደግሞ የርብን፣ የጉማራን፣ የመገጭንና የሌሎች ብዙ ወንዞችን ውኃ ይቀበላል። ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው የሁሉም ድብልቅ ነው። ድሮ ዓባይ ከሐይቁ ሳይቀላቀል ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል የሚል እምነት ነበረ። እምነቱ ብዙ ዘመን የኖረው ጥያቄውን ስለሚያቃልል ይመስለኛል፤ ውኃው ካልተቀላቀለ ወንዙ ያው ነው ብሎ መገላገል ይቻላላ!

ነገሩ ግን ከዚህም ይብሳል። በሱዳን ድንበር ከሚያልፈው የዓባይ ውኃ ውስጥ ከጣና የወጣው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ወንዙ ጎጃምን በሦስት ወገን ዞሮ ሲወርድ ከጮቄ በኩል ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ይገቡበታል፤ ከማዶ ጀማ፣ ጉደር፣ ዲዴሳና ዳቡስ ይጨመራሉ። የግሽ ውኃማ ከዚያች ከጣና ድርሻ ውስጥም የተወሰነው ብቻ ነው። አንድነት የሚለካው በውኃው ቢሆን ኖሮ፣ ጉባ የደረሰውን ወንዝ ዓባይ ለማለት አፋችን ባልደፈረ ነበር።

እንግዲህ መልሱ ያለው ጥያቄውን በማስተካከል ላይ ነው። “ያው ነው ወይ?” ብቻ ብሎ መጠየቅ ጎደሎ ነው፤ “ያው ምን?” ማለት ያስፈልጋል። ያው ውኃ ነው ወይ? አይደለም። ያው ወንዝ ነው ወይ? አዎን። ወንዝ ማለት ውኃ እየለዋወጠ ሳይቋረጥ የሚወርድ ነገር ነውና፣ የውኃው መለወጥ ወንዝነቱን አያፈርስም፤ እንዲያውም ውኃው ባይለወጥ ኩሬ በሆነ ነበር። “ያው ምን?” ሳይባል “ያው” ማለት ጎደሎ ነው ብሎ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጥብቆ የተከራከረው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፒተር ጊች ነው። ሁሉም ግን አልተቀበሉትም። ያልተቀበሉት ሰዎች መከራከሪያ ከፈላስፋው ላይብኒዝ የመጣ ነው፦ ሁለት የምንላቸው በእርግጥ አንድ ከሆኑ፣ ለአንዱ እውነት የሆነው ሁሉ ለሌላውም እውነት መሆን አለበት። ቢሆንም ጥያቄው ራሱ ብዙ በር እንደሚከፍት አሁን ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስም ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ደብረ ማርቆስ እንምጣ። ከተማይቱ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል ተሰማም በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሲያነግሷቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ከተማይቱም ሰውየውም ስም ለወጡ እንጂ ሌላ አልሆኑም። ግን ልብ በሉ፤ “ደብረ ማርቆስ ደብረ ማርቆስ ናት” ብላችሁ ማንንም አታስተምሩም፤ “መንቆረር ደብረ ማርቆስ ናት” ብትሉ ግን ለማያውቅ ሰው ትልቅ ዜና ነው። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው አነጋገር ዕውቀት የሚጨምረው ለምንድን ነው? ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ጽሑፍ የመረመረው ይህንኑ ነው፤ የእርሱ ምሳሌ የንጋት ኮከብና የምሽት ኮከብ ነበረ፣ ሁለቱም ቬነስ ናቸውና። ስም ወደ ነገሩ ከማመልከቱ በላይ፣ ነገሩን በምን በኩል እንደምናገኘው ጭምር ይይዛል አለ።

የስሙ ነገር በዚህ ይብቃን፤ አካሉ ሲለወጥስ? የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን በአዲስ እየተኩ አቆይተዋት ነበር፤ ፈላስፎችም ያችው መርከብ ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከራከሩባት። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ አንድ ሰው የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስቦ መርከብ ቢሠራባቸውስ፣ እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?

የጎጃም ገጠር ለዚህ ጥያቄ በሥራ የታየ መልስ አለው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ይለወጣል፤ ውሎ አድሮም ጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይሠራል። እስኪያልቅ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ይቆያል፤ ቅዳሴው አይታጎልም። ሲያልቅ ታቦቱ በዕልልታ ይገባል፣ የንግሡም ቀን የቀድሞው ቀን ነው። ከአሮጌው እንጨት አንድም ሳይቀር ደብሩ ያው ደብር ነው። አሮጌውን እንጨት ወስዶ ደጀ ሰላም የሠራበት ሰው ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወደዚያ ሄደ የሚል አይገኝም። የሆብስ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ተፈታ፤ አንድነቱ የተያዘው በታቦቱና ባልተቋረጠው አገልግሎት ነዋ!

ሰው ላይ ስንደርስ ይከብዳል። ፈላስፋው ጆን ሎክ አንድን ሰው ያው ባለቤት የሚያሰኘው ትናንት ያደረገውን የራሴ ነው ብሎ የሚያውቅበት ኅሊናው ነው ይላል። አሁን መነኩሴን አስቡ። ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት ይደረስበታል፣ አዲስ ስም ይሰጠዋል፣ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ሆኖም የልጅነቱን ያስታውሳል፤ እናቱም ብታየው “ልጄ” ከማለት አትቀርም። ያው ሰው ነው፤ በዓለም የነበረው ቦታና ግዴታ ግን የለም። “ልጄ” የምትለው እናቱም፣ ለዓለም ሞቷል የሚለው ገዳሙም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት የተለያየ “ያው ምን?” ነው።

ይህን ያህል የደከምኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየአጥቢያው ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ይሠራ ሲባል ክርክር ይነሣል። ምእመናኑ “ደብራችን ያው ነው፣ ምን ይቀርብናል?” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቅርስ ተቆርቋሪዎች “ጠፋ!” ይላሉ፤ እነርሱም እውነታቸውን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ጥንታዊ ሥዕል እንደ ወንዝ ወይም እንደ ደብር አይደለም፤ ያ ሠዓሊ በዚያ ቀን በዚያ ቀለም ያኖረው አንድ ነገር ነው። በአዲሱ ግድግዳ ላይ ቁርጥ እርሱን አስመስሎ መሣል ይቻላል፤ የሚገኘው ግን መሳዩ እንጂ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ከማፍረስ በፊት መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ነገር የትኛውን ለውጥ እንደሚችል ነው። ደብሩ በአዲስ ግድግዳ መተካትን ይችላል፤ ሥዕሉ በመሳዩ መተካትን አይችልም። ይህ ከታወቀ ሁለቱም ወገኖች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ፤ ሥዕሉን ጠብቆ ደብሩን ማደስ የሚቻልበትን መንገድ አብረው መፈለግ ይችላሉ።