ውድ ሁሉ ፈጣን ነውን?
ስለ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ጉልበትና ዋጋ አጭር ማብራሪያ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ከመዋጮው ሣጥን ለማኅበሩ ክፍል ኮምፒዩተር እንዲገዛ ከተስማማን በኋላ፣ የትኛው ይገዛ በሚለው ላይ ሳንግባባ መለያየታችን ይታወሳል። ከፊሎቻችን «አንዴ ከተገዛ አይቀር ታላቁ ፕሮሰሰር ይሁን» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ትርፉ ገንዘብ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መረዳጃ ይዋል» አልን። ክርክሩ የጋለ ቢሆንም በቁጥር የተደገፈ አልነበረም። ገንዘቡ ግን እያንዳንዳችን ከወር ቀለባችን ቀንሰን ያዋጣነው ስለ ሆነ፣ ነገሩን ሰከን ብሎ መመርመር ያሻል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

1ኛ/ የምናነጻጽራቸው ፕሮሰሰሮች

ለምሳሌነት የመረጥነው ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ለገበያ ያቀረበውን ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። ይህ ፕሮሰሰር 16 ኮሮች አሉት፤ ይኸውም በአንድ ቅርፊት ውስጥ 16 ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንደ ማለት ነው። ፍጥነቱ እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ሲወጣ ዋጋው 699 የአሜሪካ ዶላር ነበር።

በአንጻሩ የምናቆመው የዚሁ ቤተሰብ ታናሽ የሆነውንና እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የወጣውን ራይዘን 5 7600 ነው። 6 ኮሮች አሉት፤ ፍጥነቱ እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ፣ የመነሻ ዋጋውም 229 ዶላር ነበር። ስለዚህ በታላቁ ዋጋ ሦስት ታናናሾች ተገዝተው 12 ዶላር ይተርፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። የኮር ብዛት ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ 24 ኮሮች ቢኖሩትም፣ ከነዚህ ውስጥ ጉልበተኞቹ 8 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት 16ቱ ኃይል ለመቆጠብ የተሠሩ ትንንሾች ናቸው። ስለዚህ 24 ከ16 ይበልጣል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

2ኛ/ ምጣድ ቢበዛ ሊጥ ቶሎ አይቦካም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ነገር ግን ሥራ ሁሉ እንደ ሎሚ የሚከፋፈል አይደለም። ለድግስ የሚጋገረውን እንጀራ እናስብ። አሥራ ስድስት ምጣድ ቢጣድ ጋገራው ይፋጠናል፤ ሊጡ እስኪቦካ የሚያልፉት ቀናት ግን በምጣድ ብዛት አያጥሩም። የኮምፒዩተርም ሥራ እንዲሁ ነው። ከፊሉ ለብዙ ኮሮች ይታደላል፤ ከፊሉ ግን አንዱ እርምጃ ሳያልቅ ሌላው ሊጀመር ስለማይችል በአንድ ኮር ላይ ይቀራል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጂን አምዳል ይህንን እ.ኤ.አ. በ1967 አስረድቷል።

በቁጥር እንየው። በአንድ ኮር 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለ እንበል፤ ለጊዜው የጊጋኸርዙን ልዩነት እንተወው።

ሀ/ ሥራው በሙሉ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ስድስቱ ኮሮች በ17 ደቂቃ ያህል፣ አሥራ ስድስቱ በ6 ደቂቃ ከሩብ ይጨርሱታል። ታላቁ 2.7 ጊዜ ያህል ይፈጥናል።

ለ/ ከመቶው 90ው የሚከፋፈል ከሆነ፣ ስድስቱ በ25 ደቂቃ፣ አሥራ ስድስቱ በ15.6 ደቂቃ ይጨርሱታል። ብልጫው 1.6 ጊዜ ነው።

ሐ/ ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ስድስቱ በ58፣ አሥራ ስድስቱ በ53 ደቂቃ ይጨርሱታል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የተገኘው ትርፍ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የፊልም ቅንብር፣ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ማውጣትና ትላልቅ የምሕንድስና ስሌቶች ወደ ሀ እና ወደ ለ ይጠጋሉ። ጽሑፍ መተየብ፣ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብና ተራ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግን ከአንድ ኮር ፍጥነት በቀር ሌላ እምብዛም አይጠይቁም። በዚያ በኩል 5.7 ከ5.1 የሚበልጠው በመቶ 12 ያህል ብቻ ነው፤ በመተየብ ላይ ያለ ሰው ይህን ልዩነት ልብ አይለውም።

3ኛ/ ዋጋ የፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም

የስብሰባችን ሁለቱም ወገኖች የሳቱት ነጥብ ይህ ነው። ፕሮሰሰር ብቻውን አይሠራም፤ ማዘርቦርድ፣ ሚሞሪ፣ ዲስክና የኃይል ሣጥን ይፈልጋል። በዚያ ላይ ታናሹ ከነማቀዝቀዣው ሲሸጥ፣ ለታላቁ ጠንካራ ማቀዝቀዣ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ለስሌት ያህል ቀሪው ዕቃ ለታናሹ 600፣ ለታላቁ 700 ዶላር ይፍጅ እንበል። ጠቅላላው 829 እና 1,399 ዶላር ይሆናል። ሦስት እጥፍ የነበረው የዋጋ ልዩነት ወደ 1.7 ጊዜ ወረደ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ከላይ ካየነው ጋር እናገናኘው። በሀ ሁኔታ 1.7 ጊዜ ከፍለን 2.7 ጊዜ እንፈጥናለን፤ ታላቁ ዋጋውን ያወጣል። በለ ሁኔታ ወጪና ትርፍ ሊመጣጠኑ ምንም አይቀራቸውም። በሐ ሁኔታ ግን ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል።

4ኛ/ ሙቀትና መብራት

ታላቁ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 230 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ታናሹ እስከ 88 ዋት። በስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራ ይህ 1.84 እና 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የተሳበው ኤሌክትሪክ ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ በዚህ አገር በጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ትምህርቱን ጨርሶ ዕቃውን ወደ አገር ቤት የሚወስድም መብራት ሲቋረጥ የሚደግፈውን ባትሪ በዚሁ ልክ ማስላት አለበት። ሆኖም የታላቁን የኃይል ገደብ በማስተካከያው ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ኃይሉ በግማሽ ሲቀነስ ሥራው በግማሽ አይቀንስም።

5ኛ/ የፈተና ውጤት እንዴት ይነበባል?

ሲኔቤንች የተባለው የታወቀ መፈተኛ ሥዕል በማውጣት ስለሚለካ ለብዙ ኮሮች ያደላል። በእርሱ የላቀ ፕሮሰሰር በሁሉም ይልቃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በ449 ዶላር የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮሮች ብቻ ቢኖሩትም፣ 96 ሜጋባይት ካሽ ስላለው በጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ውዱን 7950ኤክስ ይቀድመዋል። ስለዚህ የሚታመነው ፈተና ራሳችን የምንሠራውን ሥራ በሰዓት መለካት ነው።

ዋጋም ጊዜ ያረጀዋል። የ7950ኤክስ ተተኪ የሆነው 9950ኤክስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ሲወጣ በ649 ዶላር ነበር፤ አዲሱ ከአሮጌው የመነሻ ዋጋ በ50 ዶላር ረክሶ መጣ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስናቸው ዋጋዎች ሁሉ የመነሻ ዋጋዎች ስለ ሆኑ፣ በግዢው ዕለት በሱቁ ዋጋ ስሌቱን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

6ኛ/ የእኛ አስተያየት

የማኅበሩ ክፍል ኮምፒዩተር በአብዛኛው የሚያገለግለው ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለዚህ መጽሔት ዝግጅትና ለደብዳቤ ነው። ይህ የሐ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ታናሹ ይበቃል እንላለን። በስሌታችን መሠረት 570 ዶላር ይተርፋል፤ ከዚህ ጥቂቱ ለተጨማሪ ሚሞሪና ለመጠባበቂያ ዲስክ፣ የቀረው ለአዲስ ገቢዎች መረዳጃ ሊውል ይችላል። ታናሹና ታላቁ በአንድ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩ ስለ ሆኑ፣ ቦርዱ የታላቁን ኃይል የሚችል ሆኖ ከተመረጠ፣ ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

ይሁን እንጂ በከባድ ስሌት ሌሊቱን ወረፋ የሚጠብቁ የምሕንድስና ተማሪዎች መኖራቸውን አንዘነጋም። ቁጥራቸው ከታሰበው በላይ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል፤ እኛም ሐሳባችንን እንለውጣለን። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በሳምንት ምን ዓይነት ሥራ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ በወረቀት ጽፎ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ለዝግጅት ክፍሉ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ያን ጊዜ በጩኸት ሳይሆን በቁጥር እንወስናለን።