ስለ ሞተር ብስክሌት ሕመምና ስለ አመራመሩ

ከከሚሴ ተነሥቶ በሐርቡ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መንገደኛ የቦርከናን ወንዝና የጨፋን ረግረግ በጎኑ እያየ ይጓዛል። በበጋ ወራት ሌላው አገር ሲደርቅ የጨፋ ሣር ለምለም ሆኖ ስለሚቈይ፥ የኦሮሞውም የአፋሩም የአርጎባውም ከብት ከሩቅ ወደዚያ ይወርዳል። ከብት በበዛበት ስፍራ የከብት ሕመምም ይበዛልና፥ በዚያ አገር የሚያገለግል አንድ ወዳጃችን የእንስሳት ሐኪም፥ ሕዝቡ ከድምፁ ተነሥቶ ዶቅዶቄ በሚለው አሮጌ ሞተር ብስክሌት መድኃኒቱን ጭኖ ከመንደር ወደ መንደር ሲዞር ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ይኸው ሞተር በበጋ ታመመ። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ እየተንተፋተፈ ኃይሉን ያጣል፤ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፥ ሁለት ጊዜ ይዘላል፤ በመጨረሻም ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ማታ ከረግረጉ ዳር ቆመበት። ላሙ ምጥ የጠናባት አንድ ከብት አርቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀው አደረ፤ ላሚቱም ከነጥጃዋ ሞተች። በዚያ አገር ላም ለቤተ ሰብ ምን ማለት እንደ ሆነች ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻንም።

ወዳጃችንም በድንጋጤ አስቀድሞ ካንዴላውን ለወጠ፤ ቀጥሎ ቦቢናውን ለወጠ፤ ከዚያም አንድ ሰው «ካርቡራተሩ ነው» ቢለው እርሱንም አዲስ ገዛ። የወጪው ድምር ከወር ደመወዙ በለጠ፤ ለልጆቹ ትምህርት የተቀመጠውም ገንዘብ ተነካ። ሞተሩ ግን እንደ በፊቱ ነበር። በፍርድ ቤት ሥራችን የለመድነው ነገር ትዝ አለን፤ ምስክር ሳይሰሙ ሦስት ሰው አስሮ በዳዩን መልቀቅ ይህን ይመስላል።

እኛ በቤቱ በእንግድነት ሳለን፥ በከሚሴ ሞተር ሲሠሩ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። እርሳቸውም ዕቃ ከመንካታቸው በፊት መጠየቅ ጀመሩ። «የሚያስቸግርህ በቀዝቃዛው ነው ወይስ ሲሞቅ? በዳገት ነው ወይስ በሜዳ?» ወዳጃችን አጥርቶ መመለስ አልቻለም። ባለቤቱ ግን ቡና እየቈላች ሳለች እንዲህ አለች፦ «አያ፥ እኔ የሞተር ነገር አላውቅም። ነገር ግን ጧት ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎት አያውቅም። ከመንገድ ተመልሶ ወዲያው ልነሣ ያለ እንደ ሆነ ነው የሚያስቸግረው፤ በረካው እስኪጠጣ ከቈየ ደኅና አድርጎ ይነሣል።» ሽማግሌውም «ልጄ፥ ነገሩን የጨረስሽው አንቺ ነሽ» አሏት። እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሞተር ይሠራ ዘንድ በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፥ የሚበቃ እመቃ፥ በጊዜውም የሚደርስ የእሳት ፍንጣሪ ያስፈልገዋል። ሲሞቅ የሚመጣ፥ ሲቀዘቅዝ የሚሄድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከእሳቱ ወገን ነው። ነገር ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ አየር የሚገባበት ቀጭን ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ፥ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል፤ ቆይቶ ጥቂት አየር ሲሰርግ ደግሞ ሞተሩ ይነሣል። ስለዚህ ሞተሩ እንደ ቆመ ክዳኑን መክፈት ነው፤ ወዲያው የዳነ እንደ ሆነ በደሉ የክዳኑ ነው።

ሽማግሌው ሞተሩ ደኅና ሳለ መመርመርን አልወደዱም። ሁለቱ ወደ ቦርከና ነዱት፤ እኛም በባጃጅ ተከተልናቸው። በትኵሳቱ መካከል ቆመ። ክዳኑ ተከፈተ፤ ለውጥ የለም። ሳይቀዘቅዝ ካንዴላውን በጨርቅ ይዘው ፈቱት፤ በቤንዚን ርሶ ተገኘ። እንግዲህ ቤንዚኑ ይደርሳል፤ የሚያቃጥለው ግን የለም። የፈሰሰውን ቤንዚን ጠርገው፥ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቀው ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋራ አስነኩና እግር መምቻውን አስመቱ። ደኅና ፍንጣሪ ሰማያዊ ሆኖ ጠጠ ይላል፤ ይህ ግን ቢጫና ቀጭን ነበረ፥ አልፎ አልፎም ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ የፑንቲናውን ክዳን ከፈቱ። ፑንቲናው በተላቀቀ ቁጥር በመካከሉ ወፍራም እሳት ሲበርቅ በዓይናችን አየን፤ ፊቱም ጠቁሮ ተቦርቡሯል። «ኮንደንሰሩ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፑንቲናው ሲላቀቅ በቦቢናው ውስጥ የነበረው ኤሌክትሪክ ክፍተቱን ሊዘል ይፈልጋል። ኮንደንሰሩ ይህን ተቀብሎ ስለሚይዘው ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያም ድንገተኛ መቋረጥ ቦቢናው ካንዴላውን የሚያበራ ብርቱ ኃይል ያወጣል። ኮንደንሰሩ ሲታመም ግን ለካንዴላው የሚገባው እሳት በፑንቲናው ላይ ይባክናል። በውስጡ ያለው መለያ ያረጀ እንደ ሆነ ሲሞቅ ያፈሳል፥ ሲቀዘቅዝም የዳነ ይመስላል። ቦቢናም ሲሞቅ እንዲሁ ሊታመም ይችላል፤ የፑንቲናው እሳት ግን ወደ ኮንደንሰሩ ያመለክታል።

ይህች ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ዋጋዋ ከካርቡራተሩ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም። ሽማግሌው እርሷን ለወጡ፥ ፑንቲናውን በስስ ሞረድ አለሰለሱ፥ ክፍተቱንም የሞተሩ መጽሐፍ እንደሚያዝዘው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አደረጉ። (ካንዴላ፥ ቦቢና፥ ፑንቲና የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሽማግሌው ግን ከአማርኛ ለይተው አያዩአቸውም።) በአሁን ዘመን የሚሠሩት ሞተሮች በፑንቲና ፈንታ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስላላቸው፥ ይህ ክፍል ለአሮጌዎቹ ብቻ ነው።

ወደ ደሴ ለሚወጡትም አንድ ቃል እንጨምራለን። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ስትሆን፥ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ልዩነት አየሩ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይሳሳልና፥ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፥ ሞተሩም ይንተፋተፋል። ይህ ከፍታው ነው እንጂ ሕመም አይደለም፤ ወደ ጨፋ ሲወርዱ ይተዋል።

ወዳጃችን በማግስቱ ከጧት እስከ ማታ ዞሮ ሳይቆምበት ተመለሰ፤ ቤቱም እንደ ደረሰ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አጥፍቶ አስነሣው። ባለቤቱ ከደጅ ቆማ ድምፁን ትሰማ ነበር። አሮጌው ካርቡራተር ምንም ነውር ሳይኖርበት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ትርፍ ኮንደንሰር ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከወንበሩ በታች ይጓዛል።