የከብት ብዛትና የወተት ምርት ቅራኔ፤ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ከደሴ ተነሥቶ የወልድያን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሐይቅ ይደርሳል። ሰሜንን ይዞ ጉዞውን ሲቀጥል የአምባሰል ተራሮች ይቀበሉታል፤ የወረዳው መቀመጫ ውጫሌም ትከተላለች። አንባቢ ሐይቅን በእስጢፋኖስ ገዳሟ፣ አምባሰልን በቅኝቱ፣ ውጫሌን ደግሞ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውልና ብዙ ባከራከረው 17ኛ አንቀጹ ያውቃቸዋል። ስለ ላሞቻቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ እምብዛም የማይጠየቀውን ጉዳይ ነው።

ለትምህርት በቆየንበት ባሕር ማዶ አንድ የወተት እርሻ በጎበኘን ጊዜ ለእርሻው ኃላፊ ያቀረብነው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ላሞች አሏችሁ?» የሚል ነበር። ሰውየው ጥያቄያችንን እንዳልሰማ ሆኖ፣ አንዲት ላም ባለፈው ዓመት በአማካይ የሰጠችውን የወተት መጠን በኪሎ ግራም ነገረን። የላሞቹን ቁጥር የነገረን በስተመጨረሻ፣ ያውም ስንወተውተው ነው። በሐይቅ ዙሪያ ስንዘዋወር በአንጻሩ «ላሞችዎ በቀን ስንት ሊትር ይሰጣሉ?» ብለን የጠየቅናቸው አንድ አዛውንት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አምስት ናቸው ልጆቼ፤ ሁለቱ ወይፈን አድርሰውልኛል» ሲሉ መለሱልን። እኛ ስለ ወተት ጠየቅን፤ እርሳቸው ስለ በሬ ነገሩን። በወቅቱ ጥያቄው ያልገባቸው መስሎን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ያልገባን እኛ ነበርን።

እነዚህ ሁለት መልሶች ሁለት የተለያዩ የምርት ሥርዓቶችን ይገልጻሉ። በአንደኛው ሥርዓት ላም የምትረባው ለወተት ነው። በሌላው ግን ላም በቅድሚያ የበሬ እናት ናት፤ ቀጥላ የክፉ ቀን ተቀማጭ፣ ቀጥላም የኩበትና የፍግ ምንጭ ናት። ወተቱ ከጥጃው የተረፈው ነው። ማሳው ከአንድ ሄክታር የማይሞላ፣ ያም ቢሆን በገደልና በተዳፋት የተከፋፈለ ገበሬ ጥንድ በሬ ከሌለው ወይ ከጎረቤቱ ይቀናጃል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ስለዚህ ላሟ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ምን ትወልዳለች የሚለው የህልውና ጥያቄ ይሆንበታል። ይህን ተጨባጭ ሁኔታ ሳይጨብጡ ስለ ወተት ምርት ማነስ መተቸት ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንለፍ። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ሥፍራ ከያዙት አገሮች አንዷ መሆኗ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የተነገረን ነው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2001 ዓ.ም. ባካሄደው የናሙና ጥናት የአገሪቱ የቀንድ ከብት 49 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 70 ሚሊዮን ደረሰ። የጥናቶቹ የአካባቢ ሽፋን ልክ አንድ ባይሆንም፣ በ12 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ እጅግ መጨመሩ አያጠራጥርም። ወተቱስ? በ2009 ዓ.ም. ጥናት የአንዲት ላም አማካይ የቀን ምርት 1.37 ሊትር፣ የመታለቢያ ጊዜዋም 6 ወር ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ያባዛ ሰው አንዲት ላም በአንድ ወሊድ ከ250 ሊትር እንደማትዘል ይረዳል። የአገር ላም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለምትወልድ፣ ለሁለቱም ዓመታት ሲካፈል ለቤተሰቡ በሦስት ቀን አንድ ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሕፃን፣ አዛውንትና አራስ ባለበት ቤት!

መጠናዊ ለውጥ በሂደት ዓይነታዊ ለውጥ ያስከትላል የሚለውን ሕግ በቃሉ የሚያውቅ ሁሉ፣ ለምሳሌ የሚጠቀሰውን የውኃ መፍላት ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ውኃው የሚፈላው እሳቱ ሲነድ እንጂ በማሰሮው ላይ ሌላ ውኃ ሲጨመርበት አይደለም። በላም ላይ ላም መጨመር የግጦሹን ድርሻ ከማሳነስ በቀር የአንዷን ላም ወተት አያሳድግም።

በሌላው ዓለም የታየው አቅጣጫ ከዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት 25.6 ሚሊዮን የወተት ላሞች ነበሯቸው፤ ከእነርሱም 53 ሚሊዮን ቶን ያህል ወተት ይገኝ ነበር። በ2007 የላሞቹ ቁጥር ወደ 9.2 ሚሊዮን ሲወርድ ወተቱ ወደ 84 ሚሊዮን ቶን አሻቀበ። አኃዙ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ሳንመረምር ልንቀዳው አይገባም። የዚያ አገር ላም የምትቀለበው ለሰው ምግብ ሊሆን የሚችል እህል ነው። በዚያ ሂደት እጅግ በርካታ አነስተኛ የወተት ገበሬዎች ከሥራቸው ተፈናቅለው፣ ምርቱ በጥቂት ግዙፍ እርሻዎች ተጠቃልሏል። ለእኛ የሚቀርበው የሕንድ ተሞክሮ ነው። በጉጃራት ክፍለ ሀገር በአናንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድም ትልቅ የከብት እርሻ አልዘረጋም። ሁለት ሦስት እንስሳት ብቻ ያሏቸው የመንደር ሰዎች ጠዋትና ማታ ወተታቸውን ወደ መሰብሰቢያው ያመጣሉ፤ ወተቱ ይለካል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ ዋጋው ይከፈላል። ይህ አሠራር ከ1970 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ ሕንድ በ1990ዎቹ መገባደጃ ከዓለም ቀዳሚ የወተት አምራች ለመሆን በቃች። ጠዋትና ማታ የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ በአገራችን የወተት ልማት ታሪክ ሐይቅና አምባሰል የት ነበሩ? ዘመናዊ የወተት እርባታ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947፣ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ በሰጠ ጊዜ ነው። በ1960 በዩኒሴፍ ዕርዳታ የሾላ የወተት ፋብሪካ ተተከለ። በ1971 የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም እንደገና ተዋቀረ። የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል በ1981 በቃሊቲ ሥራውን ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ወተቱ የተሰበሰበው፣ ድቅል ጊደሯም የተከፋፈለችው በአብዛኛው የአዲስ አበባን ጉሮሮ ለማርጠብ፣ ከዋና ከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ዙሪያ ነበር። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀችው ሐይቅ ከዚህ ክብ ውጭ ነበረች። የወሎ ስም በዋና ከተማዋ ጠረጴዛዎች ላይ ይነሣ የነበረው በወተት ሳይሆን በረሃብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግለ ሂስ ማቅረብ ግድ ይለናል። እኛም ቀደም ሲል ገበሬው «ለቁጥር ብቻ» ከብት ያከማቻል፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ተጠናውቶታል እያልን ጽፈናል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎ የደረሰውን ያየ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጽፍም። በእነዚያ ዓመታት ከብቱ ከሰው አስቀድሞ አለቀ። አሥር የነበረው ሁለት ተረፈለት፤ ሁለት የነበረው ባዶውን ቀረ። አሥሩ የተያዙት ለኩራት አልነበረም። ባንክ በሌለበት፣ የከብት መድን በማይታወቅበት አገር ብዛት ራሱ መድን ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ባዳረሰ ጊዜ የስንቱ ጋጣ ባዶውን እንዳደረ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ያን ጊዜ አንዲት ድቅል ላም ብቻ የነበረችው ቤተሰብ ያጣው ያለውን ሁሉ ነው። ገበሬው ቁጥር ቀንስ ሲባል የሚሰማው እንግዲህ፣ መድንህን ጣል የሚል ቃል ነው።

በአንጻሩ የድቅሏ ጥቅም የሚካድ አይደለም። በጥሩ አያያዝ በቀን 8 ሊትር የምትሰጥ፣ ለ300 ቀን የምትታለብ ላም 2,400 ሊትር ታስገኛለች፤ ይህም የአገር ላሞች በአንድ ወሊድ ከሚሰጡት አሥር እጅ ያህል ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ጥናት ከአገሪቱ 100 የቀንድ ከብቶች 97ቱ ገና የአገር ዝርያ ነበሩ። ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዱን ብቻ በዝርዝር እንመልከት። ላም በ21 ቀን አንድ ጊዜ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም ከ12 እስከ 18 ሰዓት ብቻ ይቆያል። ጠዋት የታየች ማምሻውን፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ልትዳቀል ይገባል። ዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ነው። እንግዲህ የአምባሰል ቁልቁለት ላይ የሚኖር ገበሬ ምልክቱን አይቶ፣ ስልክ ደውሎ፣ አዳቃዩ ቴክኒሻን ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ፣ ናይትሮጂኑም አልቆ ሳይገኝ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ መሟላት አለበት። ቅዳሜ ማታ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ያው ነው! ያመለጠው ዕድል ለ21 ቀን ያመልጣል፤ ሦስት ጊዜ ካመለጠም ሁለት ወር የቀለብ ወጪ ያለ ጥቅም ይፈስሳል። ገበሬው በመጨረሻ ላሟን ወደ መንደሩ ኮርማ ቢነዳት አይፈረድበትም።

ስለ መኖ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ወተት አይሠሩም። በ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ በጥብጦ ረጭቶ፣ አፍኖ 21 ቀን ማቆየት የጭዱን ጥቅም ከፍ እንደሚያደርገው የታወቀ ነው። ነገር ግን ያው ዩሪያ ለማሳው የሚፈለግ ማዳበሪያ በመሆኑ ላሟና ጤፉ ይሻሙበታል። ከኮምቦልቻ የሚወጣው የቢራ ጠመቃ ተረፈ ምርት ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ላሞች የቀረበ ቢሆንም፣ እርጥብና ከባድ ስለሆነ ሐይቅ ሲደርስ የጭነት ዋጋው ከጥቅሙ ጋር ይፎካከራል። በአንጻሩ ከግጦሽ ተከልለው ባገገሙት ተዳፋት ላይ የበቀለውን ሣር እያጨዱ መመገብ በእጅ ያለ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ጠዋትና ማታ እንመለስ። የጠዋቱ ወተት ገዢ አለው። ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አይጠፋም፤ ካፌዎቹም ይቀበላሉ። የማታው ወተት ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት መንደር እስከ ንጋት አይቆይም። ከዕለቱ ምርት አንዱ ክፍል ወደ ገበያ ሳይደርስ እርጎ ይሆናል፤ በወይራ በታጠነው ቅል ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ አሬራውም አይብ ይሆናል። ይህን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ የቅቤው ገንዘብም በአብዛኛው በእጇ ይገባል። እንግዲህ ወተቱ በሊትር ተሽጦ ሒሳቡ በባለቤቷ ስም ለተመዘገበ ማኅበር ሲገባ፣ ገቢው ሲጨምር የእርሷ ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ያላጤነ የወተት ዕቅድ በጓዳ ውስጥ ዝምተኛ ተቃዋሚ ቢገጥመው ሊገረም አይገባም።

በሌላ በኩል ወሎ አንድ የራሱ ብልጫ አለው። በሌሎች አካባቢዎች ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ አምራቹም ወተቱን የሚያደርስበት ይጠፋዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ደቦና በአንድ እድር በሚኖሩበት በሐይቅና በአምባሰል ግን አንዱ ሲጾም ሌላው ይጠጣል፤ በረመዳን ደግሞ ማምሻው ላይ ለማፍጠሪያ የሚፈለገው ወተት ይጨምራል። ይኸውም በትክክል ያ ገዢ ያጣው የማታው ወተት ነው። በየመንደሩ አንድ ማቀዝቀዣ ያለው መሰብሰቢያ ቢኖር ይህ ብልጫ ወደ ገንዘብ ይለወጥ ነበር።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን ከዋና ዋና ግቦቹ አንዱ አድርጎታል። ውጤቱ በየሪፖርቱ በተከፋፈሉ ጊደሮችና በተዳቀሉ ላሞች ቁጥር ብቻ ከተለካ ግን ያንኑ የአዛውንቱን መልስ በሌላ ቋንቋ እየደገምን ነው። ስንቶቹ ጸነሱ? ስንቶቹ ወለዱ? የማታው ወተት የት ደረሰ? ድቅሏ ስትሞት ለቤተሰቡ ማን ይከፍለዋል? ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ለአንዲት ውድ ላም መድን የሌለው ገበሬ አምስት ርካሽ ላሞችን መያዙ የሒሳብ ስሕተት አይደለምና።

ከሐይቅ ከመነሣታችን በፊት እኚያን አዛውንት ዳግመኛ አገኘናቸው። ልጃቸው ከአምስቱ ላሞች ሦስቱን ሸጦ አንዲት ድቅል ጊደር ለመግዛት እንደሚወተውታቸው አጫወቱን። «ምን አሉት ታዲያ?» አልናቸው። «አንዷን ሽጥ አልኩት፤ የቀረውን ከከተማ ተበደር። ጊደሯ ሁለት ክረምት ካደረችልኝ ሁለተኛዋን እሸጣለሁ።» እናቲቱ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሮ፣ «ቅቤውስ?» ሲሉ ጠየቁ። አዛውንቱ ሳቁ እንጂ መልስ አልሰጡም። መሽቶ ነበርና ወተቱ በቅል ተደርጎ ወደ ጓዳ ገባ።